አዲስ ኮምፕረሰር ከመታዘዙ በፊት ያለው ይለካ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ጉዳዩ፦ የኮምፕረሰርን የአየር ፍሰት ያለ ፍሰት መለኪያ ስለማወቅ

የቡና ምርት ደርሶ በጅማና በአካባቢዋ ያሉ ማበጠሪያዎች ሌት ተቀን መሥራት ሲጀምሩ አንድ አቤቱታ ይደጋገማል፤ «አየር አነሰን» የሚል። ጥቁሩን ፍሬ በአየር ምት የሚጥለው የቀለም መለያ ማሽን ግፊት ወረደ ብሎ ይቆማል፣ ጥቁሩ ፍሬ ከጥሩው ጋር ያልፋል፣ ኮምፕረሰሩም ያለ እረፍት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የግፊት ማስተካከያው ከ7 ወደ 8 ባር ከፍ ይደረጋል፣ ወይ ትልቅ ኮምፕረሰር ይታዘዛል። ሁለቱም የሚደረጉት ማሽኑ በደቂቃ ስንት ሜትር ኩብ አየር እንደሚሰጥ፣ ፋብሪካውም ስንት እንደሚፈልግ ሳይታወቅ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የፍሰት መለኪያ የለንም» ይባላል።

ለዚህ ሥራ የፍሰት መለኪያ የግድ አያስፈልግም። የግፊት ጌጅ፣ የእጅ ስልክ ሰዓት፣ የሙቀት መለኪያና የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ይበቃሉ፤ አብዛኞቹም ማሽኑ ላይ ተገጥመው የመጡ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አሠራሩን በቁጥር ለማሳየት ነው፤ በተለይም የጅማን ከፍታ ያላስገባ ስሌት ምን ያህል እንደሚያሳስት።

ከከፍታው እንጀምር። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የከባቢ አየር ግፊት 0.82 ባር ያህል ነው፤ በባህር ጠለል 1.013 ባር ነው። ኮምፕረሰሩ የሚስበው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር በክብደት ከባህር ጠለሉ በ19 በመቶ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። ስክሩ ኮምፕረሰር (በሁለት ጠመዝማዛ ብረቶች አየር የሚጨምቀው) በአንድ ዙር የሚውጠው ይዘት እዚህም እዚያም ያው ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 1.65 ሜትር ኩብ በደቂቃ የሚል ማሽን ጅማ ላይም ወደዚያ የተጠጋ ይዘት ይስባል፤ የሚስበው ግን ስስ አየር ነው።

ተጠቃሚው ማሽን በዚያው ልክ ቢቀንስ ችግር አልነበረም። አይቀንስም። የቀለም መለያው አፍንጫዎች በአንድ ምት የሚተፉት የአየር ክብደት የሚወሰነው ከአፍንጫው በስተኋላ ባለው ጠቅላላ ግፊት ነው፤ ጌጁ ላይ የሚነበበውና የከባቢው ግፊት ተደምረው ማለት ነው። ጌጁ 6 ባር ሲል ጠቅላላው ጅማ ላይ 6.82፣ በባህር ጠለል 7.01 ባር ይሆናል። ልዩነቱ 3 በመቶ ብቻ ነው። አቅርቦቱ በ19 በመቶ ሲወርድ ፍላጎቱ የሚወርደው በ3 በመቶ ነው፤ የብዙ ፋብሪካዎች እጥረት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የመለያው መመሪያ በባህር ጠለል አየር 1.2 ሜትር ኩብ በደቂቃ ቢል፣ በ0.97 ይባዛል፣ እንደገና በ1.013 ይባዛል፣ ከዚያ ለ0.82 ይካፈላል። ውጤቱ 1.44 ሜትር ኩብ የጅማ አየር ነው። መመሪያው «ኖርማል ሜትር ኩብ» የሚል ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በ0 ዲግሪ የተሰላ ስለሆነ ለእኛ የአየር ሙቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይጨመርበታል።

የኮምፕረሰሩን ትክክለኛ ፍሰት ለማወቅ የሚያስተማምነው የታንከር ሙሊት ሙከራ ነው። ቆጣሪ የሌለው ሰው የቧንቧውን ፍሰት በባለ 20 ሊትር ጀሪካንና በሰዓት እንደሚያውቀው ሁሉ፣ እዚህም ይዘቱ የታወቀ ታንከር በስንት ጊዜ እንደሚሞላ ይለካል። መጀመሪያ የታንከሩ ውሃ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ። ኮምፕረሰሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሠርቶ ይሙቅ። ከዚያ ወደ ፋብሪካው የሚሄደው መውጫ ቫልቭ ይዘጋና በማፍሰሻው በኩል ግፊቱ ወደ 4.5 ባር ይውረድ። ማሽኑ መሙላት ሲጀምር ጌጁ 5 ባርን ሲነካ ሰዓት ይያዝ፣ 7 ባር ሲደርስ ይቁም። ሦስት ጊዜ ተደግሞ መካከለኛው ይወሰድ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የታንከሩ ይዘት በግፊቱ ጭማሪ ይባዛል፣ ለከባቢ ግፊት ይካፈላል፣ ከዚያም ለደቂቃው ይካፈላል። ታንከሩ 1,000 ሊትር ማለትም 1 ሜትር ኩብ ከሆነና ከ5 ወደ 7 ባር ለመሙላት 100 ሴኮንድ ከወሰደ፣ 2 ለ0.82 ሲካፈል 2.44 ሜትር ኩብ፤ ይህም ለ1.67 ደቂቃ ሲካፈል 1.46 ሜትር ኩብ በደቂቃ። ከመጽሐፍ በተገኘው 1.013 ያሰላ ሰው 1.18 ያገኝና «ማሽኑ ሞቷል» ይላል፤ ማሽኑ ግን የሰሌዳውን 88 በመቶ እየሰጠ ነው። 1.18 የተባለው ያው አየር በባህር ጠለል ሲቆጠር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ አንዱን ከሌላው ጋር ማነጻጸሩ ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «የጅማ አየር» ወይም «የባህር ጠለል አየር» ተብሎ ይጻፍ።

ከ5 ባር መጀመር ያለበት ያለ ምክንያት አይደለም። ስክሩ ኮምፕረሰር ላይ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ጠባቂ ቫልቭ እስከ 4 ባር ገደማ አየሩን ስለሚይዝ ከዚያ በታች የሚለካው ጊዜ ስለ ፍሰቱ አይናገርም። ላይኛውም ወሰን እንዲሁ ነው። ማሽኑ መጫን የሚያቆምበት ግፊት 7.0 ከሆነ ሙከራው 6.8 ላይ ይብቃ። የመሳቢያ ቫልቫቸው ቀስ በቀስ የሚዘጋ ማሽኖች ወደ ወሰኑ ሲጠጉ ራሳቸውን ስለሚያፍኑ ጊዜው ይረዝምና ጤነኛው ማሽን የታመመ ይመስላል። በታንከሩ ላይ ከተመታው የግፊት ወሰን ማለፍ ወይም ሴፍቲ ቫልቩን መንካት ደግሞ በምንም ሁኔታ አይፈቀድም።

ሙከራውን የሚያበላሹት ነገሮች ሁለት ናቸው፣ ውሃና ሙቀት። ውሃው በክረምት ከባድ ነው። አየሩ 20 ዲግሪና እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 14 ግራም ውሃ አለ። 1.46 ሜትር ኩብ በደቂቃ የሚስብ ማሽን በሰዓት 1.2 ሊትር ያህል ውሃ ያስገባል፤ አየሩ ተጨምቆ ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከዚህ ውስጥ 0.9 ሊትሩ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። በ8 ሰዓት ፈረቃ 7 ሊትር ማለት ነው። ራሱ የሚያፈሰው ቫልቭ በዝገት ከተደፈነ አንድ ወር ሳይሞላ 150 ሊትር ሊጠራቀም ይችላል። ያኔ «1,000 ሊትር» የተባለው ታንከር 850 ሆኗል፤ ቶሎ ይሞላል፣ ስሌቱም 1.46 ይላል፣ እውነተኛው ፍሰት ግን 1.24 ነው። ታንከሩን ሳያፈስሱ የሚደረግ ሙከራ ደካማውን ማሽን ጤነኛ ያስመስላል።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። የታንከሩ አየር በ35 ዲግሪ ጸንቶ ቢቆይና ውጪው 22 ቢሆን ውጤቱ በ295 ተባዝቶ ለ308 ይካፈላል፤ 4 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የሚታረም ነው። የባሰው በሙከራው መካከል ታንከሩ ራሱ ሲሞቅ ነው። በመጀመሪያው 27፣ በመጨረሻው 37 ዲግሪ ከሆነ ግፊቱ የጨመረው በከፊል በገባው አየር፣ በከፊል በሙቀቱ ነው፤ ሳይታረም የተሰላው ፍሰት ከ10 በመቶ በላይ ይጋነናል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት ታንከሩ ተደጋግሞ ተሞልቶና ተነፍሶ ሙቀቱ ይረጋጋ፤ ሙቀቱም በመጀመሪያና በመጨረሻ ይመዝገብ።

ቀጥሎ ፍሳሹ። የአየር ተጠቃሚዎች ሁሉ ይጥፉ፣ መውጫው ቫልቭ ይከፈት፣ ኮምፕረሰሩ በራሱ ሎድ (አየር እየጨመቀ) እና አንሎድ (ሳይጨምቅ እየዞረ) ይበል። ሎድ ላይ 40 ሴኮንድ፣ አንሎድ ላይ 120 ሴኮንድ ከቆየ፣ 40 ለ160 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ማንም ሳይሠራ ከ1.46ቱ 0.37 ሜትር ኩብ በደቂቃ እየባከነ ነው ማለት ነው። ይህን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ኮምፕረሰሩ ጠፍቶ ግፊቱ ከ7 ወደ 6 ባር ለመውረድ 200 ሴኮንድ ቢወስድ፣ 1 ለ0.82 ሲካፈል 1.22፣ ለ3.33 ደቂቃ ሲካፈል ያው 0.37 ይመጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ ወይ የታንከሩ ይዘት ተሳስቷል፣ ወይ ቱቦው ረጅም ሆኖ ሳይደመር ቀርቷል፣ ወይም አንድ መንገድ ቫልቩ አየሩን ወደ ኮምፕረሰሩ ይመልሳል። 50 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ በአንድ ሜትር 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 40 ሜትር ከሆነ 80 ሊትር ይደመራል።

የፍሳሹ ቦታ በሳሙና አረፋ ይገኛል። በየጊዜው የሚነቀሉና የሚሰኩ ፈጣን መገጣጠሚያዎች፣ የአየር ጠመንጃ ጎማዎች፣ የማጣሪያ ሳህኖች ጋርኒሲዮንና ተከፍተው የተረሱ የውሃ ማፍሰሻዎች መጀመሪያ ይታዩ። ግፊቱን ወደ 8 ባር መስቀል መፍትሔ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ፍሳሹ ጠቅላላ ግፊቱን ተከትሎ ከ7.82 ወደ 8.82 ሲወጣ በ13 በመቶ ይጨምራል፣ ሞተሩ የሚወስደው ኃይልም በግምት ከ6 እስከ 7 በመቶ ያድጋል፣ ኮምፕረሰሩ ግን አንዲት ሊትር አይጨምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ፋብሪካው በሥራ ላይ ሳለ ስንት እንደሚበላ ወደማወቁ። የማሽኑ ማሳያ የሎድ ሰዓትና ጠቅላላ ሰዓት ለይቶ ካሳየ አማካዩ ወዲያው ይገኛል፤ በ8 ሰዓት ውስጥ 6 ሰዓት ሎድ ከሆነ 75 በመቶ ነው፣ 1.1 ሜትር ኩብ በደቂቃ። አማካይ ግን ጥድፊያውን ይደብቃል። የቀለም መለያ የሚበላው አየር በሚጥለው ፍሬ ብዛት ይወሰናል፤ ጥቁርና ስባሪ የበዛበት ቡና ሲገባ አፍንጫዎቹ ደጋግመው ስለሚተኩሱ ፍላጎቱ ይሰቀላል። ይህን የሚያሳየው የታንከሩ ግፊት የሚወጣበትና የሚወርድበት ፍጥነት ነው። ኮምፕረሰሩ አንሎድ ላይ ሳለ ግፊቱ የሚወርድበት ፍጥነት ፍላጎቱ ራሱ ነው። ሎድ ላይ ሳለ ደግሞ ፍላጎቱ ከኮምፕረሰሩ ፍሰት ላይ የሙሊቱ ፍጥነት ሲቀነስ የሚቀረው ነው፤ ግፊቱ ሎድ ላይ ሆኖም የሚወርድ ከሆነ ይደመራል። በምሳሌው ታንከር ላይ ኮምፕረሰሩ ሎድ ላይ ሆኖ ግፊቱ በ105 ሴኮንድ ከ6.5 ወደ 6.0 ከወረደ፣ 0.5 ለ0.82፣ ከዚያ ለ1.75 ደቂቃ ሲካፈል 0.35 ነው። ጠቅላላ ፍላጎት 1.46 ሲደመር 0.35፣ 1.81 ሆነ። ከዚህ ፍሳሹ 0.37 ሲቀነስ መለያው ራሱ የሚበላው 1.44 ነው፤ ከመመሪያው ካሰላነው ጋር ይገጥማል።

ቁርጡ እንግዲህ ይህ ነው። በወረቀት ላይ 1.65 አቅርቦትና 1.2 ፍላጎት ስለሆነ ትርፍ አየር ያለ ይመስላል። በተግባር 1.46 አቅርቦትና 1.81 ፍላጎት ነው። አዲስ ማሽን ግን አያስፈልግም። ፍሳሹ ወደ 0.1 ቢወርድ ፍላጎቱ 1.54 ይሆናል፤ የመሳቢያ ማጣሪያው ተቀይሮ፣ የላላው ቺንጋ ተወጥሮ፣ የመሳቢያ ቫልቩ እስከ መጨረሻ መከፈቱ ተረጋግጦ ፍሰቱ ወደ 1.6 ቢመለስ ሥራው ይሄዳል። ተጨማሪ ታንከር መግዛትም ጥቅሙ የተወሰነ ነው። የ0.35 ጉድለትን ግፊቱ ከ0.5 ባር በላይ ሳይወርድ ለአንድ ደቂቃ ለመሸፈን 0.57 ሜትር ኩብ ታንከር ይበቃል። ጉድለቱ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ታንከር አያድነውም።

ይህን ስሌት ኮምፒውተር ወይም ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) እንዲሠራው የሚፈልጉ ባለሙያዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የግፊት ሴንሰሩ የሚለየው ትንሹ ለውጥ 0.01 ባር ከሆነና በየሴኮንዱ ከተሰላ፣ አንዲቷ እርከን ብቻዋን በ1 ሜትር ኩብ ታንከር ላይ 0.73 ሜትር ኩብ በደቂቃ ትሆናለች። ስክሪኑ ላይ ፍሰቱ ሲዘል ይታያል፣ መቆጣጠሪያውም አብሮ ይዘላል። በ10 ሴኮንድ ሲሰላ ስህተቱ ወደ 0.07 ይወርዳል። በጣም ሲረዝም ደግሞ መቆጣጠሪያው ይዘገያል፤ ለማበጠሪያ ሥራ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ተስማሚ ነው።

መረጋጋት ሲባል የዙሩ ርዝመትም ይታያል። ፍላጎቱ የኮምፕረሰሩ ግማሽ ሲሆን ሎድና አንሎዱ በጣም ይፈራረቃል፤ በምሳሌያችን በ0.6 ባር ልዩነት አንድ ሙሉ ዙር 2 ደቂቃ ነው። ታንከሩ 300 ሊትር ቢሆን 36 ሴኮንድ ይሆን ነበር። ዘይት ያለው ስክሩ ኮምፕረሰር አንሎድ ከገባ በኋላ የዘይት ጋኑ እስኪተነፍስ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። ዙሩ ከዚያ ካጠረ ማሽኑ ሳይተነፍስ እንደገና ይጫናል፤ ኃይል ይባክናል፣ የመሳቢያ ቫልቩም ቶሎ ያልቃል።

ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀያይር መሣሪያ) ላለው ማሽን ፍሰቱ ከፍጥነቱ ይነበባል፣ ግን ቀጥታ በመቶኛ አይደለም። በስክሩዎቹ መካከል ወደኋላ የሚመለሰው አየር ግፊቱን እንጂ ፍጥነቱን ስለማይከተል በዝቅተኛ ፍጥነት ድርሻው ይገዝፋል። የታንከር ሙሊቱ በሁለት ፍጥነት ይደረግ። በ50 ኸርዝ 1.46፣ በ25 ኸርዝ 0.65 ከተገኘ፣ በየኸርዙ 0.0324 ይጨምራል፣ ከጠቅላላው 0.16 ይቀነሳል፤ በ35 ኸርዝ 0.97 ነው። በቀጥታ ያካፈለ ሰው 1.02 ይላል። በየስድስት ወሩ ሲደገም ያ 0.16 እየጨመረ ከሄደ ስክሩው ወይም ኩሽኔቱ እየተበላ ነው፤ ሌላ ማስጠንቀቂያ ከመምጣቱ በፊት የሚታይ ምልክት ነው።

ሽቦውን በመክበብ ብቻ በሚለካው ክላምፕ ሜትር የተለካ አምፔርን ብቻ ይዞ ስለ ፍሰት መናገር ግን አይቻልም። ሞተር ያለ ጭነትም ከሙሉ አምፔሩ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይስባል፤ ቮልቴጅ ከ380 ወደ 340 ሲወርድ ደግሞ ሥራው ሳይጨምር አምፔሩ ይጨምራል። መለካት ያለበት ኪሎዋት ነው። በስክሩና በፒስተን ማሽን ላይ ኪሎዋቱ በዋናነት የሚናገረው ስለ ግፊቱ ነው፤ ከፍሰቱ ጋር ሲጣመር ግን በሽታውን ይለያል። ኪሎዋቱ እንደነበረ ሆኖ ፍሰቱ ከወረደ አየሩ ውስጥ ለውስጥ ይመለሳል። ሁለቱም አብረው ከወረዱ መሳቢያው ታፍኗል። በጀነሬተር ሲሠራ ፍሪኩዌንሲው 47 ኸርዝ ላይ ከሆነ ፍሰቱም በ6 በመቶ እንደሚቀንስ አይዘንጋ።

በየጋራዡ ያለው ባለ አንድ ደረጃ ፒስተን ኮምፕረሰር በከፍታው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እስከ 8 ባር ጌጅ ሲጨምቅ የግፊት ምጥጥኑ በባህር ጠለል 8.9 ሲሆን ጅማ ላይ 10.8 ነው። ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ክፍተት 5 በመቶ ከሆነ የሲሊንደሩ አሞላል ከ78 ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። የሚወጣው አየር ሙቀትም 20 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ዘይቱ ቫልቩ ላይ ይከስላል፣ ከዚያ ቫልቩ አይገጥምም። የሙሊቱ ጊዜ ከወር ወር እየረዘመ ሲሄድ ከፋሻው (ከፒስተኑ ቀለበት) በፊት ቫልቩ ይፈተሽ።

የሆስፒታል ኦክስጅን ማምረቻዎች ላይ ጉዳዩ ከቡና ይከብዳል። አንድ ሜትር ኩብ ኦክስጅን ለማግኘት ከ10 ሜትር ኩብ የማያንስ አየር ይገባል፤ አየሩ አንሶ ያንኑ ያህል ኦክስጅን ከተሳበ ንጽህናው ከ93 በመቶ እየወረደ ይሄዳል። እዚያ ናይትሮጅኑን ከአየሩ የሚያስቀሩት ሁለቱ ማማዎች እየተፈራረቁ ስለሚሞሉ የታንከሩ ግፊት በየፈረቃው ይወዛወዛል። ስለዚህ የወረደበት ፍጥነት ከመሃል ተቆርጦ አይሰላ፤ ሙሉ ሙሉ ዙሮች ተወስደው አማካዩ ይያዝ። ኬሚካል የያዘና ያለ ማሞቂያ የሚሠራ የአየር ማድረቂያ ካለም ለራሱ ማጽጃ ከሚገባው አየር 15 በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ይታሰብ።

አየሩን በፍጥነት በሚሽከረከር ጎማ የሚገፋው የሴንትሪፉጋል ኮምፕረሰርና ብሎወር ነገር የተለየ ነው። እዚያ ፍሰቱን አለማወቅ ማሽኑን ይሰብራል። ፍሰቱ ከወሰን በታች ሲወርድ አየሩ ወደኋላ ይገለበጣል፣ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ሰርጅ የሚባለው ይህ ነው፣ የግፊት ተሸካሚ ኩሽኔቱን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ብዙዎች በግፊቱ ይተማመናሉ። ነገር ግን ወደ ሰርጅ ሲቃረብ የግፊቱ መስመር ዝርግ ስለሚሆን ፍሰቱ ብዙ ቢወርድም ግፊቱ ያው ነው። የሚናገረው ኃይሉ ነው፤ ፍሰቱ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። የአየሩ ክብደት ደግሞ ከኃይሉና ከሙቀቱ ጭማሪ በቀጥታ ይሰላል። ሞተሩ 200 ኪሎዋት ቢወስድ፣ የሞተሩ ብቃት 95፣ የማስተላለፊያው 97 በመቶ ቢሆን፣ ለአየሩ የሚደርሰው 184 ኪሎዋት ነው። አየሩ በ22 ገብቶ በ112 ዲግሪ ከወጣ፣ 184 ለ1.005፣ ከዚያ ለ90 ሲካፈል 2.04 ኪሎ ግራም በሴኮንድ ነው። የጅማ አየር በሜትር ኩብ 0.97 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ይህ 126 ሜትር ኩብ በደቂቃ ይሆናል። በመካከል ማቀዝቀዣ ያለው ማሽን ላይ የእያንዳንዱ ደረጃ የሙቀት ጭማሪ ለየብቻ ተወስዶ ይደመራል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ቧንቧው ላይ በተገጠመ የብረት ኪስ ውስጥ የተቀመጠ የሙቀት ሴንሰር ለውጡን የሚያየው ከአስር ሴኮንዶች በኋላ ነው፣ ሰርጅ ግን በሴኮንድ ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ፍሰቱ እንዳያንስ አየሩን ወደ መሳቢያው የሚመልሰውን የመመለሻ ቫልቭ የሚከፍተው ኃይሉ ይሁን፤ የሙቀቱ ስሌት ቀስ እያለ ያንን ግምት ያርም። ሁለተኛው፣ ማሽኑ ፍጥነቱን ሲጨምር የኃይሉ ከፊል አካሉን ለማሽከርከር ይውላል። ያ ካልተቀነሰ ፍሰቱ የበዛ ይመስላል፣ ቫልቩም ሳይከፈት ይቀራል። ቫልቩ ፍሰቱ ከሰርጅ መስመሩ በ10 በመቶ ከፍ ብሎ ሳለ መከፈት እንዲጀምር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ፍሰቱ በግምት ሲሰላ ግን ወደ 15 ማስፋት ብልህነት ነው።

ያው መርህ በቱርቦ ዲዝል መኪናዎች ላይም ይሠራል። የአየር መለኪያ ሴንሰር የሌለው ሞተር አየሩን ከዙሩ፣ ከመሳቢያው ግፊትና ሙቀት ያሰላል። የጋራዥ ባለሙያ የቱርቦ ጌጁ 1.0 ባር ሲል ሊደምርበት የሚገባው 0.82 ነው፤ 1.013 የደመረ አየሩን በ11 በመቶ ያጋንናል።

ለሚመለከታቸው የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የቡና ማበጠሪያ ባለቤቶችና ኮምፕረሰር የሚገዙ ተቋማት በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ፍሰቱ በ0.82 ባር የመሳቢያ ግፊት እንዲገለጽና ርክክቡ በታንከር ሙሊት ሙከራ እንዲሆን ይጻፉ። ኦፕሬተሮች በየወሩ የሙሊቱን ሴኮንድ፣ የሎድና የአንሎዱን ሴኮንድ፣ የታንከሩን ሙቀትና ኪሎዋቱን በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ይህን ሙከራ ተማሪዎች በፋብሪካ ውስጥ በእጃቸው እንዲሠሩት ቢያደርጉ፣ ማበጠሪያዎቹ የመኸሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመስከረም ወር ማሽኖቻቸውን ለማስለካት ሰው አያጡም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፕረሰርና የኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና ባለሙያዎች
ጅማ